ጳጉሜ ስድስት ላይ የተኛው አባት

ዛሬ በልጄ ልደት ላይ የሠራሁትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ችግር የለም፤ ፎቶ አለ!

ሠላሳ ሁለት ፎቶ። በሁሉም ላይ አለሁ። በሁሉም ላይ አፌ ተከፍቷል።

ቆዩ፣ ከመነሻው ልጀምር።

ልጄ ዋዜማ የተወለደችው ጳጉሜ ስድስት ነው። አምስት አይደለም፤ መስከረም አንድም አይደለም። ስድስት! ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው ደግሞ በአራት ዓመት አንዴ ነው።

እኔ እንደምታውቁኝ ወሬ አላበዛም። ያለ አስተማሪ፣ የተበላሸ ሞተር እየፈታሁ የተማርኩ መካኒክ ነኝ። አንዲት ብሎን ከጎደለች እህል አይበላልኝም። ስለዚህ ልጄ “ልደቴ መቼ ነው?” ባለች ቁጥር “ቀን ቀን ነው፤ ጳጉሜ ስድስት ካልሆነች ልደት የለም” እላት ነበር።

እውነቱን ልናገር? ጉዳዩ የቀን ብቻ አልነበረም። በአራት ዓመት አንዴ የሚመጣ ልደት ለኪስ ይመቻል!

ባለቤቴ ብርቄ ነቅታብኛለች። “ለሌላው ነገር እንዲህ የቀን ሊቅ ብትሆን የት በደረስን!” ትለኛለች።

ዋዜማ አራት ዓመት ሲሞላት ጳጉሜ ስድስት መጣች። ልጄ ግን ወባ ይዟት ተኝታ ዋለች። ስለዚህ ዛሬ፣ ስምንት ሲሞላት፣ የመጀመሪያ ልደቷ ነው።

የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። “ሻማውን አንተ ለኩሰህ፣ እኔ እፍ ስል አጠገቤ ቁም።”

“ማርያምን!” አልኳት።

ከዚያ ወፍጮው ተበላሸ።

እዚህ ሸሕዲ፣ የሰፈራችን ወፍጮ፣ በበዓል ሰሞን! ሴቶቹ ማሽላቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ባለወፍጮው “ወንድሜ፣ ለአንተ የሁለት ሰዓት ሥራ ናት” አለኝ። የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተፈረካክሶ፣ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በጥሶታል። ሁለት ሰዓቱ ሁለት ቀን ሆነ። በሁለቱ ቀን ዓይኔን አልከደንኩም። ዛሬ ጠዋት ወፍጮው ሲነሳ የተከፈለኝን ይዤ፣ እጄን እንኳ በወጉ ሳልታጠብ፣ ወደ ልደት ዝግጅት!

ኬክ አልገዛሁም። በዚህ ሙቀት ክሬም ከጎንደር እስኪደርስ ሾርባ ይሆናል። (ሰበብ እንደሆነ ገብቷችኋል አይደል?) ብርቄ ድፎ ዳቦ ጋገረች። እኔ ለአሥራ ስድስት ልጅ በማዕዘን መለኪያ መስመር አወጣሁለት። ለእያንዳንዱ ሃያ ሁለት ነጥብ አምስት ዲግሪ!

በለስላሳ ፋንታ ከርከዴ፣ ያን ቀይ የአበባ መጠጥ፣ አፍልተን አቀዘቀዝን።

ፊኛ ለመንፋት ትንፋሽ አልነበረኝም። ጎሚስታ ቤት ወስጄ በጎማ መንፊያው አስነፋሁ። ከአሥሩ ሰባቱ ፈነዱ። ጎሚስታው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? “ይቅርታ፣ እጄ አይሱዙ ለምዶ ነው።”

የልደት ሻማ ግን ጠፋ። ጎረቤታችን ነጋዴው ሐጂ ኢድሪስ “ኻላስ፣ አልቋል ልጄ” ብለው መብራት ሲጠፋ የምናበራውን አንድ ነጭ ሻማ ሰጡኝ። ሃያ ሳንቲሜትር። ለስምንት ቆረጥኩት፤ ሁለት ነጥብ አምስት፣ ሁለት ነጥብ አምስት። አንድ ተኩሉን ዳቦው ውስጥ ተከልኩ፤ አንድ ሳንቲሜትር ከላይ ቀረ። አሰላሁት። ለመዝሙሩም ይበቃል፣ እፍ ለማለትም ይበቃል።

እንቅልፍን አላሰላሁም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጆቹ መጡ። አሥራ ስድስት ነበር ያልኩት? አርባ አንድ! ለካ ልጄ አራት ዓመት ሙሉ ስትጠራ ኖራለች። አንዷማ ቤተሰቧ መተማ ዮሐንስ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቀኑን ቆጥራ ከእናቷ ጋር በሚኒባስ ከች!

ሻማዎቹን ለኮስኩ። ስምንቱንም። እዚህ ድረስ ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ይመዝገብልኝ!

ከዚያ “ቆይ፣ ቪዲዮ ልቅረጽሽ” ብዬ ስልኬን ላስተካክል የማሽላ ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። ለአንድ ደቂቃ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የማውቀው ከፎቶውና ከብርቄ ምላስ ነው።

ልጆቹ ዘመሩ። እኔ አንኮራፋሁ። አንዱ የወረቀት ዘውድ ጫነብኝ። ብርቄ ትከሻዬን ብትነቀንቀኝ “ኩሽኔታው ገና ነው” ብያት ተመልሼ ተኛሁ አሉ።

“እፍ በይ እንጂ ልጄ!” አለቻት ብርቄ።

“አባዬ ይነሳና።”

“አባትሽን ዛሬ ወፍጮም አይቀሰቅሰው!”

“እጠብቀዋለሁ።”

ዋዜማ ጠበቀች። ሻማዎቹ አልጠበቁም።

አንድ ሳንቲሜትር እኮ ናቸው! አንዱ ጠፋ። ቀጥሎ ሌላው። ስምንተኛው ዳቦው ላይ ቀልጦ እስኪጠፋ ድረስ ልጄ አንዴም እፍ አላለችም።

ስነቃ ግቢው ጭር ብሏል። ልጆቹ ለችቦ ወጥተዋል። ዋዜማ ብቻ አጠገቤ፣ ቀሚሷ ላይ ከርከዴ ፈሶባት፣ ተቀምጣለች። ጉልበቴ ላይ በሶፍት የተጠቀለለ ዳቦ አለ። አርባ አንድ ልጅ ሲሻማ የእኔን አላስነካችም። በዓይኔ ለካሁት፤ ሃያ ሁለት ነጥብ አምስት።

“ነገ እንድገመው” አልኳት። “ሻማ ከየትም ፈልጌ አመጣለሁ። ካልሆነም ለከርሞ ጳጉሜ አምስት ላይ...”

“ነገ ልደቴ አይደለም። አምስትም ልደቴ አይደለም” አለችኝ። “ቀን ቀን ነው ብለኸኛል።”

ምን ልበል? ያስተማርኳት እኔ ነኝ!

ፊቴን አይታ አሳዘንኳት መሰለኝ፣ ዘውዱን አቃናችልኝ። “አይዞህ አባዬ። የዛሬ አራት ዓመት ግን እንቅልፍህን ጨርሰህ ና።”

የዛሬ አራት ዓመት አሥራ ሁለት ይሆናታል። እናንተ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ያላችሁ ንገሩኝ እስቲ፤ ያኔም “አጠገቤ ቁም” ይላሉ?

ደግሞስ በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ አንዲት ቀን የሚገጥም መካኒክ የምታውቁ አላችሁ? ካለ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። እኔ የምችለው ወፍጮ ብቻ ነው።