ወረፋ የያዙ ድንጋዮች

እናንተ ሰዎች፣ እስቲ ወንበራችሁን ወደዚህ ጠጋ አድርጉ። አላረዝምም፤ ይቺ ማኪያቶ ሳትቀዘቅዝ እጨርሳለሁ። ከቀዘቀዘች ጥፋቱ የአስተናጋጁ ነው።

የዘንድሮ ልጅ ቤተ መጻሕፍት የሚሄደው ለማንበብ ነው የሚል ሰው ካለ፣ ያ ሰውዬ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ አያውቅም። እኔም ገብቼ አላውቅም ነበር። ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያየን፤ እሱ በመንገዱ ሄደ፣ እኔ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሰዓት ጥገና ገባሁ። ታዲያ ልጄ ቤዛ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ “አባዬ፣ ነገ ቅዳሜ ጠዋት ቱቶሪያል አለኝ። አምስት ሰዓት ላይ እስክመጣ ቤተ መጻሕፍት ቦታ ያዝልኝ” አለችኝ።

ቦታ ያዝልኝ! ቤተ መጻሕፍት ነው ወይስ የሐዋሳ አውቶቡስ?

ግን ምን ታደርጉታላችሁ፣ ቤታችን አንድ ክፍል ነው። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤት ደግሞ ብረት በያጅ ነው፤ እሱ መዶሻውን ሲያነሳ እንኳን ፊዚክስ የገዛ ስማችሁም ይጠፋባችኋል። ይቺ ልጅ ፈተናውን ካላለፈች የሚጠብቃት የኔ ሱቅ ነው። በዚህ ዘመን ሰዓት የሚያስጠግን ማን አለ? ሁሉም ሰዓቱን ከስልኩ ነው የሚያየው። ስለዚህ ሄድኩ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስደርስ በሩ ላይ አንድም ሰው የለም። ወረፋ ግን አለ። ሃያ የሚሆን ድንጋይ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ፣ እንደ ወታደር ተሰልፏል! አንዳንዱ ላይ በማርከር ስም ተጽፎበታል፤ አንዱ ላይማ ልብ ተስሎበታል። ባለቤቶቹስ? ማዶ ካለው ሱቅ ደጃፍ ቆመው ፓስቲ እየገመጡ ስልካቸውን ይነካካሉ። እኛም በጊዜያችን ቀበሌ ሱቅ ለስኳርና ለላምባ ድንጋይ አሰልፈናል፣ አልክድም። ግን ስኳር እኮ ይላሳል! ለንባብ ድንጋይ ልኮ እሱ ፓስቲ የሚበላ ትውልድ ማን አይቶ ያውቃል?

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል አልኩና፣ “ድንጋይ አያነብም!” ብዬ አወጅኩ። አዋጁን አውጄም ዝም አላልኩም፤ ድንጋዮቹን በእግሬ አንድ በአንድ ወደ ቦዩ አሰናበትኳቸው። አንዷ ትንሽዬ ነጭ ነበረች፣ ስም እንኳን የላትም፣ አሳዘነችኝ። እሷንም ጨመርኳት፤ ሕግ ላይ ማዳላት ጥሩ አይደለም። ልጆቹ እየጮሁ ተሻገሩ። አንድ ጸጉሩ የተንጨባረረ ጎረምሳ “ፋዘር፣ ሰላም ነዎት ግን?” አለኝ። ሰላም ነኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወረፋ በእግር ነው አልኩትና በሩ ላይ አንደኛ ሆኜ ቆምኩ።

በሩ ሲከፈት ሩጫውን ባያችሁት! ወደ መጽሐፍ እንዳይመስላችሁ። ወደ ሶኬት ነው። አንደኛ የሆነው ስልኩን ሰካ፣ ሁለተኛው ስልኩን ሰካ፣ ሦስተኛዋ ማከፋፈያ ይዛ መጥታለች። እኔ መስኮት ስር ያለ ደህና ወንበር ያዝኩና፣ ባዶ እጄን ከምቀመጥ ብዬ ሠራተኛዋን መጽሐፍ ጠየቅኳት። ምን እንደጠየቅኳት እንጃ፣ ደነገጠች። መደርደሪያው ተቆልፏል፤ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ፈቃድ ወጥቷል አለችኝ። መቼ ይመለሳል? ብላት፣ “የጠየቀ ስለሌለ አላጣራሁም” አለች።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ልጆቹ አንድ በአንድ ሾልከው ወጡ። ክፍሉን ለጃኬትና ለቦርሳ አስረክበው! ጃኬቱ ሒሳብ ያጠናል፣ ቦርሳው ባዮሎጂ። አንዷ ብቻ ቀርታ፣ የተከደነ ደብተር አገጯ ስር አድርጋ ራሷን ፎቶ ታነሳለች። አንብባ ደክሟት መሆኑ ነው። እኔ “ጸጥታ ይከበር” የሚለውን ማስታወቂያ አስራ አንድ ጊዜ አነበብኩ። እውቀት በቃኝ። ኮቴን አውልቄ ወንበሩ ጀርባ ላይ ሰቀልኩና፣ ለአስር ደቂቃ ብቻ ወደዚችው ካፌ ብቅ አልኩ።

እዚህ ታደለ ልብስ ሰፊው ተቀምጦ አገኘሁት። ወሬ ተጀመረ። ወንበር ይዞ የሚጠፋ ትውልድ አገር ይረከባል ወይ አልኩት። እሱም አይረከብም አለ። በዚህ ተስማምተን ሁለተኛ ማኪያቶ አዘዝን። “የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች” የሚለው ተረት ያን ሰዓት ትዝ ቢለኝ ጥሩ ነበር፤ ተረት ግን ሁልጊዜ የሚመጣው ካረረ በኋላ ነው። ስልኬ ጮኸ። ቤዛ ናት።

“አባዬ፣ የት ነህ?”

“ወንበሩ ላይ ነኛ! ቀስ ብለሽ አውሪ፣ ሰው ያነባል” አልኳት።

“እኔም ወንበሩ ጋ ነኝ” አለችኝ።

የቤተ መጻሕፍቱን ደረጃ በዚህ ጉልበቴ እንዴት እንደወጣሁት አልነግራችሁም። ስገባ ልጄ ቦርሳዋን እንዳዘለች ቆማለች፤ በያንዳንዱ ወንበር ላይ ወይ ጃኬት አለ ወይ ቦርሳ። በኔ ወንበር ላይ ግን ሰው አለ። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የምታክል፣ ሁለት ቁንዳላ የተሠራች ልጅ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ኮቴ ደህና ተደርጎ ታጥፎ ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጧል። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ ሚጣ ተነሺ፣ ይሄ ቦታ ተይዟል አልኳት።

ልጅቷ የደረሰችበትን መስመር በጣቷ ያዘችና ቀና ብላ አየችኝ።

“ጋሼ፣ ጠዋት ነጯን ድንጋዬን ቦይ ውስጥ የከተቷት እርስዎ አይደሉም? ኮትም አያነብም።”