ጋሽ ይርጉና የኮሌጁ ጥቅል ቲኬት

ሃበሻ ሦስት ሆኖ በተሰበሰበበት ሁሉ አራተኛ ሆኖ የሚገኝ አንድ ሰው አለ። ማንም አልጠራውም፤ እንዳይመጣ ማድረግ የሚችልም የለም። ሰርግ ላይ ከሙሽራው ቀድሞ ይደርሳል። ለቅሶ ቤት ደግሞ መርዶው ለባለቤቱ ሳይነገር በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ይገኛል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለው ከተማ የለም። ለዳላስና ለፎርት ወርዝ የደረሰን ጋሽ ይርጉ ናቸው። የሚኖሩት ቤድፎርድ ነው፣ ከእኔ አፓርታማ በላይ፤ ስለዚህ ከሁሉም ሰው በፊት የሚደርሱት እኔ ጋ ነው።

ክቡር ጋሽ ይርጉ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ቫን ሲነዱ ኖረዋል። አሁን ሥራቸው መድረስ ነው። «መድረስ ነው እንጂ ሌላ ምን አለ?» ይላሉ፣ የመኪና ቁልፋቸውን ከኪሳቸው እያወጡ። ዜግነት ሊምል የሄደ ሰው አዳራሽ ውስጥ ዞር ቢል ጋሽ ይርጉን ያያል። መንጃ ፈቃድ ያለፈ ሰው ቤት ይደርሳሉ፤ የወደቀ ሰው ቤትማ ቀድመው ይደርሳሉ። ለሴቶች ብቻ የተባለ ቤቢ ሻወር ላይ ዳይፐር ታቅፈው ገብተው፣ በሩ አጠገብ ተቀምጠው፣ ኬካቸውን በልተው፣ መርቀው ወጥተዋል። ኦርቶዶክሱም ጋ፣ ጴንጤውም ጋ፣ መስጊድ ደጅም ይታያሉ። እሳቸው የቀሩበት ቦታ ስለሌለ፣ የቀረ ሰው ሁሉ እሳቸው ፊት ተከሳሽ ነው። ሰላምታቸውም ክስ ነው። እኔን ሲያገኙኝም እንዲሁ ነው፦

«ትዕግሥት፣ አልታየሽም።»

«ከሥራ አልወጣሁም ነበር ጋሽዬ።»

«እሱንማ ሰማሁ። ግን አልታየሽም።»

አንድ ጊዜ ፕሌኖ ለቅሶ አለ ተባለና ሄዱ። መኪና የበዛበት ቤት አገኙ፣ በሩ ላይ ጫማ ተደርድሯል፣ ገቡ። ጥግ ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ አልፎ አልፎ እየተነፈሱ ብዙ ቆዩ። ለካ ለቅሶው የሚቀጥለው መንገድ ላይ ነው፤ የገቡበት ቤት የልጅ ልደት ነው። የልጁ አባት፣ ነቢዩ የሚባል ጨዋ ሰው፣ ቀስ ብሎ ጠጋ አለና ነገራቸው። ጋሽ ይርጉ አልደነገጡም። «መድረስ ነው» አሉና ሻማው ሲጠፋ አጨበጨቡ፤ ከዚያ ወደ ለቅሶው ሄዱ። ነቢዩ አሁን በየዓመቱ ይጠራቸዋል። ልጁ፣ ሳይስቁ የመጡት ሽማግሌ ካልመጡ ኬክ አልቆርስም ይላል አሉ።

ሰው ይስቅባቸዋል፤ እኔም ስቄያለሁ። ምክንያታቸውን ግን አንድ ቀን ከሥራ ሲወስዱኝ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ አልወለዱም፣ ዳላስ የነበራቸው እድር ሰዎቹ ተጣልተው ፈርሷል። «እኔ ስወድቅ ማን በሬን ያንኳኳል ብዬ ነው» አሉ። «ሌላ ምስጢር የለውም።»

«እኛ እያለን ጋሽዬ?»

«አንቺማ ሥራ ላይ ነሽ» አሉ። ለክፋት አልነበረም። እውነት ነበር።

ወደ ቲኬቱ ልምጣ። ልጄ ሀሴት ኮሌጅ ገብታለች፤ እኔ መጋዘን የምገባው ገና ጎህ ሳይቀድ ስለሆነ የሚያደርሷትና የሚመልሷት ጋሽ ይርጉ ናቸው። እኔ ትምህርቴን የተውኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ያን ግቢ የማውቀው በመኪና መስታወት ነው፤ ለመግባት ጫማ የሚያስወልቁ ይመስለኝ ነበር። የዚያን ቀን ሦስታችንም መኪናው ውስጥ ነን፤ ሀሴት ከኋላ ተቀምጣ በስልኳ የዓመቱን የተማሪ ቲኬት ትገዛለች።

«ፉትቦል ብቻ ነው የምፈልገው» አለች። «ሁሉንም ስፖርት አንድ ላይ የሚሸጡበት ባንድል አለ። ቮሊቦል፣ ሶከር፣ ቴኒስ፣ ስዊሚንግ። ግን፣ ላይክ፣ ማንም አይሄድም።»

ጋሽ ይርጉ ሬዲዮውን ቀነሱ። «ማንም አይሄድም ማለት?»

«ባዶ ነው። የተጫዋቾቹ ማሚዎች ብቻ ናቸው።»

«ልጄ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ናቸው አይደል? የአንዱ ቤት ገብተሽ የሌላውን በበሩ ልታልፊ ነው?»

«ቤት አይደለም እኮ ጋሽዬ። ጌም ነው።»

«ጥቅሉን ግዢ።»

«ኦኬ፣ ጥቅሉ ለአንድ ሰው የእንግዳ ቲኬትም አለው» አለች ሀሴት፣ ሳታስበው። እንግዳው ማን እንደሚሆን ለእኔም ለእሷም የገባን እኩል ነው።

እንደገባኝ፣ ጥቅል የሚባለው ነገር የተፈጠረው ሰው የማይሄድበትን ከሚሄድበት ጋር አስሮ ለመሸጥ ነው። ሻጮቹ ገዢው ፉትቦሉን አይቶ ሌላውን እንደሚረሳው ያውቃሉ። ጋሽ ይርጉን ግን አላወቋቸውም። እሳቸው የገባቸው እንደ እድር ነው፦ ከተመዘገብክ ትገኛለህ፤ ካልተገኘህ ቀሪ ነህ። የጨዋታውን ቀን ሁሉ አስጽፈው ማቀዝቀዣቸው ላይ ለጠፉት።

መጀመሪያ ፉትቦል ሄዱ፤ በእጅ የሚያዘውን፣ የአሜሪካኖቹን። «አንዱ ኳሱን አቅፎ ይወድቃል፣ ሌሎቹ ይወድቁበታል፣ ዳኛው ይነፋል፣ ከዚያ ይመካከራሉ» ብለው ነገሩኝ። «ሽምግልና ነው። ግን ሰው ሞልቶላቸዋል፤ እኔ አላስፈልግም።» ቴኒስ ሄዱ። ዘግይተው ገቡና ልጅቷ ኳሷን ወደ ላይ ወርውራ ልትመታ ስትል፣ ከነባርኔጣቸው ጎንበስ ብለው ተመልካቹን በየተራ ሰላም አሉ። ዳኛዋ በማይክ ለመነቻቸው። እሷንም ሰላም አሏት።

መቅረት ግድ ሲሆንባቸው ደግሞ ቲኬት ቢሮ ይደውላሉ። «ይርጉ ነኝ። ዛሬ ፎርት ወርዝ ክርስትና ስላለብኝ ሶከሩ ላይ አልገኝም። ቀረ እንዳትሉኝ።» ስልክ የምታነሳው ልጅ መጀመሪያ ምን እንደምትል ጠፍቷት ነበር አሉ። ኋላ ግን ለምዳ፣ «ኦኬ ሚስተር ይርጉ፣ እነግራቸዋለሁ» ማለት ጀመረች። ለማን እንደምትነግር አላውቅም። እሳቸው ግን ስልኩን ሲዘጉ ፊታቸው ይፈካል።

ልባቸው የቀረው የሴቶቹ ቮሊቦል ጋ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሴቶቹ ይሸነፋሉ። በሜዳቸውም፣ ከሜዳቸው ውጭም ይሸነፋሉ። ቁመታቸው የበር መቃን የሚነካ ልጆች ናቸው፤ ሲሸነፉ ግን ያጥራሉ። ጋሽ ይርጉ ይሄን አይተው ዝም ማለት አልቻሉም። ጨዋታው ሲያልቅ ከደረጃው ወርደው፣ ከተጫዋቾቹ ጀርባ ያለው የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይላሉ። አንድ ቃል አይናገሩም። ልጆቹ ሻወር እስኪገቡ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ባርኔጣቸውን አንስተው ይወጣሉ። ለቅሶ እየደረሱ ነው እንግዲህ።

በሦስተኛው ሽንፈት ቀን ንፍሮ ቀቅለው ሊወስዱ ሲሉ የአፓርታማችን ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ታቅፈዋል፤ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ።

«ጋሽዬ፣ ንፍሮ እኮ የለቅሶ ነው።»

«ተሸንፈው የለም?»

«ገና ሳይጫወቱ የምን ሽንፈት ነው?»

«ማታ ይሸነፋሉ» አሉ፣ በእርግጠኝነት።

አሰልጣኟ ቀምሳ፣ ይሄ ለጡንቻ የሚሆን ምግብ ነው አለች። ልጆቹ ወደዱት። ከዚያ ወዲህ በየሽንፈቱ ሳህኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ሁሉም እየዘገነ በዝምታ ያኝካል። ሀሴት መጀመሪያ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወድ ነበር። «ማሚ፣ ሰው ሁሉ ግራንድፓሽ ናቸው ወይ ይለኛል» አለችኝ። «ምን አልሽ?» አልኳት። «አዎ አልኩ። ለማስረዳት በጣም ሎንግ ነው።»

የወደቁትም በዚሁ ሳህን ነው። ቅዳሜ ዕለት ልጆቹ ቶሎ ተሸነፉ፤ ጋሽ ይርጉ ሻወር ሳይገቡ ልድረስባቸው ብለው ሲጣደፉ እግራቸው ደረጃ ሳተ። ንፍሮው በሜዳው ላይ ተበተነ። ጭናቸው ተሰበረ። አምቡላንሱ ሲመጣ፣ ሀሴት እንደነገረችኝ፣ የመጨረሻ ቃላቸው «እግዜር ያጽናችሁ በያቸው፣ አልደረስኩም» የሚል ነበር።

እሑድ የተደረገላቸው ቀዶ ጥገና ተሳካ። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ነው ያስጨነቀኝ። ወሬው በየቴሌግራሙ ተሰራጨ፤ እጁን ለጸሎት ያጋጠመ ምልክት ዘነበ። «በጸሎት እናስብዎታለን» ያላለ የለም። ግን የሥራ ቀን ነው። ሹፌሩ መንገድ ላይ ነው፣ ነርሷ ሌላ ሆስፒታል ናት፣ መጋዘን ያለነው ደግሞ ኦቨርታይም ተብለናል። ሰኞ የመጣነው እኔና ሀሴት ብቻ ነን። ማክሰኞ ከእኔ በቀር የመጣ የለም፤ የጴንጤዎቹ ፓስተር ደወሉ። ጋሽ ይርጉ የክፍላቸውን ነርስ በሩን ክፍት ተይው ብለዋታል፤ ዓይናቸው ከዚያ አይነሳም። ኮሪደሩ ላይ ጫማ በጮኸ ቁጥር ከትራሳቸው ቀና ይላሉ። ጫማው ያልፋል።

«የሥራ ቀን ነው» አሉኝ፣ እኔ ምንም ሳልናገር። «ሰው ይደክማል።»

ሰውን ሁሉ አልታየህም ሲሉ የኖሩ ሰው፣ ለሌላ ሰው ሰበብ ሲሰጡ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ክስ በላይ ይሄ ከበደኝ።

ረቡዕ ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ፤ የመጋዘኑን ቢጫ ሰደርያ እንኳ አላወለቅኩም። ፎቁ ላይ ያለችው ነርስ አየችኝና «ቤተሰቡ ውስጥ ነው» አለች። የማን ቤተሰብ እያልኩ ስደርስ፣ የክፍሉ በር ላይ ጫማ ተደርድሯል። ጫማ ስላችሁ ታንኳ የሚያክል ስኒከር፣ ግድግዳውን ይዞ ጥንድ በጥንድ።

ገባሁ። ቮሊቦሎቹ ክፍሉን ሞልተውታል። በካልሲያቸው ናቸው። በመስኮቱ፣ በግድግዳው ሥር፣ መሬት ላይ፣ ሁሉም እጃቸውን አጣምረው አንገታቸውን ደፍተዋል። አሰልጣኟ ብቸኛዋ ወንበር ላይ ናት፤ እሷም አንገቷን ደፍታለች። ማንም አይናገርም። የአልጋው ጠረጴዛ ላይ በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ንፍሮ ቀርቧል። አልጋው ላይ ጋሽ ይርጉ፣ ነጭ አንሶላ እስከ አገጫቸው፣ ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ።

በሩን ይዤ «ጌታ ሆይ» አልኩ።

ጋሽ ይርጉ ዓይናቸውን ብቻ ወደ እኔ አዞሩ። «አልሞትኩም» አሉ። «ግቢ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«ዝም በያቸው። እየደረሱኝ ነው።»

ሀሴትን ጥግ ላይ አገኘኋት። ስንዴ እንዴት እንደሚቀቀል ጠይቀዋት ነው፤ እሷም ነግራቸዋለች። «ንፍሮ ለታመመ ሰው አይወሰድም ልጄ፤ ለሞተ ነው» አልኳት በሹክሹክታ።

«እሳቸው ሲወስዱላቸው ማን ሞቶ ነበር?» አለች። ጫማዬን አውልቄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ብዙ ተቀመጡ፤ እሳቸው ይቀመጡ የነበረውን ያህል። ከዚያ ተነሱ። የቡድኑ አምበል፣ ከሁሉም የረዘመችው፣ አልጋው ላይ አጎንብሳ፣ ከሀሴት ጋር ስትለማመደው የዋለችውን ሁለት ቃል አለች፦ «መድረስ ነው።» ጫማቸውን ኮሪደሩ ላይ አጥልቀው ሄዱ።

ጋሽ ይርጉ በሩን ትንሽ አዩትና ነርሷን ጠሩ፤ አሁን ሊዘጋ ይችላል አሏት። ከዚያ ከንፍሮው ዘገን አደረጉ።

«ስንት ሰው ነው ይሄን ለማየት የሚታደል?»

«ምኑን ጋሽዬ?»

«የራሱን ለቅሶ።» አኘኩ። «ጨው ያንሰዋል። ሎሚ ደግሞ ምን ቤት ነው?» ሳህኑን ግን አልመለሱም።

ልሄድ ስነሳ ዓርብ ጨዋታ አለ አሉኝ። ቲኬት ቢሮ ደውዬ አስፈቅድልዎታለሁ አልኳቸው። «ማስፈቀዱ ሌላ ነው» አሉ። «ወንበሩ ባዶ ነው።» ከዚያ ጣሪያውን ማየት ቀጠሉ። ሲለምኑ እንዲህ ነው።

ዓርብ በእሳቸው የእንግዳ ቲኬት ያንን ግቢ ገባሁ። ጫማ አላስወለቁኝም። የንፍሮ ሳህኔን ታቅፌ፣ ተሸንፈው እስኪያለቅሱ ልጠብቅ ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ፤ ቮሊቦሎቹ ከሜዳው እጃቸውን አወዛወዙልኝ። ከዚያ አሸነፉ። እነሱም አላመኑም፤ ተቃቅፈው ጮኸው ሲያበቁ እኔን አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ባሸነፈ ሰው ፊት ንፍሮ ይዞ መቀመጥ እንዴት እንደሚያሳፍር ልነግራችሁ አልችልም። አምበሏ መጣች፣ ሳህኑን ከእጄ ወሰደች፣ ዘገነች፣ ለጓደኞቿ አሳለፈች።

ገና መኪና ውስጥ ሳልገባ ስልኬ ጠራ።

«ተገኘሽ?»

«ተገኝቻለሁ ጋሽዬ። አሸነፉ።»

«ንፍሮውስ?»

«ጨረሱት።»

«ይሁን። እንግዲህ ሰው ይመጣላቸዋል» አሉ። ደስታም ቅሬታም ነበረው። ከዚያ፣ «ዋናተኞቹስ?» አሉ።

«የትኞቹ ዋናተኞች?»

«ጥቅሉ ውስጥ አሉ እኮ። እነሱም ይሸነፋሉ አሉ። ደግሞ ውሃ ውስጥ ናቸው፤ ቢያለቅሱም አይታወቅላቸውም።»

«መቼ ነው?»

«ነገ።»

ነገ የዕረፍት ቀኔ ነው። ወገቤ ይቆርጠኛል፣ ልብስ አላጠብኩም፣ መኪናዬም ዘይት መቀየር አለበት። ይሄን ሁሉ ላስረዳቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«አልታየችም እንዳይሉሽ ብዬ ነው» አሉ።

ቤት ገባሁና ስንዴ ዘፈዘፍኩ።