የእኔ ካይት ምን ጎደለው?

«ኦርጅናል ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ዕቃ የማይነካ ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? ለእኔ አላህ እዚህ ከሚሴ ጎረቤት አድርጎ ሰጥቶኛል። ይማም ይባላል። ከሶፋው ላይ ላስቲኩን እስከ ዛሬ አላነሳም፤ ኦርጅናልነቱ እንዳይተንበት ይሆን?

እኔ ደግሞ በክር ይዘው ነፋስ ላይ የሚለቁትን ካይት እሠራለሁ፤ ትልቅ ሰው ሆኜም አላፍርም። አጥንቱ ሸምበቆ ነው። ሸምበቆዎቹ የሚገናኙበትን መጋጠሚያ የምቆርጠው ነዳጅ ከሚያስተላልፈው ቀጭን የባጃጅ የጎማ ቱቦ ነው። የውሃ ቱቦም ሞክሬ ነበር፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይለሰልስና ሸምበቆውን ይለቀዋል። የባጃጁ ግን ነክሶ ይይዛል፤ ነፋስ ሲመጣም ጎንበስ ይላል እንጂ አይሰበርም።

«ወላሂ፣ የባጃጅ ዕቃ ሰማይ ላይ!» ብሎ ይማም ሰፈሩን አሳቀብኝ። ይባስ ብሎ ከውጭ የገባ ካይት ከአዲስ አበባ አስገዝቶ ጨፋ ሜዳ ላይ እንድንወዳደር ጠራኝ። ከማሽላው ወፍ የሚጠብቁት ሳይቀሩ ወንጭፋቸውን አስቀምጠው ታዛቢ ሆኑ።

የእሱ ካይት ከፍ ከማለቱ የፕላስቲክ መጋጠሚያው ቀጭ አለና ማሽላው ውስጥ ወደቀ። ይማም ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ጥፋቱ የካይቱ አይደለም፤ የእኛ ነፋስ ነው ደረጃውን ያልጠበቀው!»

ከኪሴ የባጃጁን ጎማ አውጥቼ መጋጠሚያ ቆረጥኩለት። ካይቱ ተነሳ።

«ማሻአላህ! አያችሁ ኦርጅናል?» አለ ደረቱን ነፍቶ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ «ከሚሴ የተሠራ» ብዬ በደማቅ ቀለም እጽፋለሁ። ያልተዋጠለት ነፋሱንም ከውጭ ያስመጣ!