ዘፈን አልባው የዘፈን ድራማ

ታላላቅ የጥበብ ሥራዎች የሚወለዱት ለንደንና ሆሊውድ ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ካለ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የሚገኘውን የአንድ እድር ሥራ አመራር ኮሚቴ አያውቀውም ማለት ነው። ይህ የተከበረ ኮሚቴ ሬሳ ወደ አገር ቤት በማሳፈርና ወንበር በመከራየት ያካበተውን የረጅም ዘመን ልምድ ይዞ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ወደ ቴሌቪዥን ድራማ ተሸጋገረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዞች አንድ ድራማ ሠርተው ነበር። ባለታሪኩ የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ባለቤት ሲሆን፣ ጭንቀት ሲበዛበት የጀመረውን ወሬ አቋርጦ ይዘፍናል፤ ሐዘንተኛውም ተቀብሎ ይጨፍራል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ሁሉም ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ለቅሶው ይመለሳል። እንግሊዞች ወደዱት። አሜሪካኖችም በጣም ከመውደዳቸው የተነሳ ሊያሻሽሉት ገዙት። ሰውየውን ቆንጆ አደረጉት፤ ጥርሱን አስተካከሉለት፤ ፍሎሪዳ ወሰዱት፤ ዘፈኑንም በግማሽ ቀነሱለት። ሁለት ክፍል ታይቶ ተሰረዘ።

"እንግሊዝ ጀመረው፤ አሜሪካ አሻሻለው" አሉ የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ገብረየስ ለኮሚቴው ባደረጉት ንግግር፤ "የሚያጠናቅቀው ጠፍቶ ነው እንጂ!"

ተጨበጨበ።

ዋና ተዋናይ ሆና የተመረጠችው ወይዘሮ ትብለጥ ነበረች፤ ምክንያቱም ለቅሶ ላይ ቀርታ አታውቅም። የድምፅ ፈተናዋ በአጀንዳው መጨረሻ ተይዞ ነበር። ሆኖም ስለ ታሸገ ውሃ ግዢ የተነሳው ክርክር ሰዓቱን ስለ ጨረሰው፣ እንደ ተፈተነች ተቆጥሮ ታለፈ።

ትብለጥ ግን የእውነት ድምፅ ነበራት። ልጅ ሳለች የትምህርት ቤቷ የኪነት ክበብ መርጧት፣ አባቷ "አዝማሪ አላሳደግኩም" ብለው አስወጧት። ከዚያ ወዲህ የምትዘፍነው አሌክሳንድሪያ ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ቤልትዌይ በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ፣ የመኪናዋን መስኮት ዘግታ ነው። መንገዱ ሲጨናነቅ ከጎኗ ያሉት ሾፌሮች ስልክ ላይ የምትጣላ ይመስላቸዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ሰው ፊት መዝፈን ትፈልግ ነበር። ስክሪፕቱ ሲደርሳት ስድስቱን ዘፈኖች በቢጫ ቀለም አሰመረችባቸው።

የመጀመሪያው ንባብ ላይ የእድሩ ሥነ ምግባር ተቆጣጣሪ አቶ ወንድሜነህ እጃቸውን አወጡ።

"ሬሳ ፊት ነው የምትዘፍነው?"

"ድራማው እንደዚያ ነው" አሉ ሊቀመንበሩ።

"ነገ የኔ ሬሳ ሲወጣም ልትዘፍኑ ነዋ!"

ጥያቄው ክብደት ስለነበረው የመጀመሪያው ዘፈን ወጣ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ደግሞ የሚቀረጹት ሁዳዴ ላይ ሆኖ ተገኘ።

"ከፋሲካ በኋላ ብንቀርጸውስ?" አለች ትብለጥ።

"ከፋሲካ በኋላ አዳራሹ በሠርግ ተይዟል" አሉ አቶ ገብረየስ። "ሠርገኞቹ ይዝፈኑበት።"

አራተኛው በዜማው ወደቀ። አንዱ የጎጃም ይሁን አለ፤ ሌላው ከወሎ ወዲያ ላሳር አለ፤ የጎንደሩ ተቀየመ፤ የሸዋው ድሮውንም እንደ ተናቀ ገባው። ንኡስ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ንኡስ ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ፤ በመጨረሻ ማንንም የማያስቀይም ፍትሐዊ ውሳኔ ተላለፈ። የማንም አይዘፈን ተባለና ተቃቅፈው ተሳሳሙ። አምስተኛው የፍቅር ዘፈን ነበር። አብሯት የሚተውነው ሰው ባለቤት አንድ ቀን ቀረጻ ቦታ መጥታ፣ እጇን አጣምራ ቆማ አየች። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ዘፈን ያነሳ የለም።

ስድስተኛው ቀረ። ትብለጥ ብቻዋን ዕቃ እያጠበች የምትዘፍነው ነው። ሬሳ የለበትም፣ ወንድ የለበትም፤ የሚቀረጸው በራሷ ወጥ ቤት፣ ጾም ከተፈታ በኋላ ነው፤ ዜማውንም ራሷ አውጥታዋለች። ለዚህ ምን ያመጣሉ ብላ ተረጋግታ ነበር።

"ስፖንሰራችን፣ ቤት አሻሻጩ ሪልተር አቶ ዘሪሁን፣ ማስታወቂያዬ ወሬ የሌለበት ቦታ ይግባልኝ ብሏል" አሉ አቶ ገብረየስ።

"ወሬ የሌለበት እኔ የምዘፍንበት ብቻ ነው።"

"እኮ! እሱን ነው የመረጠው። ይግባኝ ማለት መብትሽ ነው፤ ይግባኝ ሰሚው ግን እሱ ራሱ ነው።"

በዘፈኑ ቦታ ጌይተርስበርግ ያለ፣ ለሽያጭ የቀረበ ባለ ሁለት ጋራዥ ታውንሃውስ ገባ።

ስክሪፕቱን እንደገና ለመጻፍ በደንቡ መሠረት ጠቅላላ ጉባኤ መጠራት ስላለበት ማንም አልደፈረውም። ስለዚህ "እዚህ ላይ ትዘፍናለች" በሚል ቦታ ሁሉ ትብለጥ አየር ትስባለች፤ እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች፤ አፏን ትከፍታለች፤ ከዚያ ሌላ ትዕይንት ይመጣል። በመጨረሻው ላይ አፏን ስትከፍት አቶ ዘሪሁን ቁልፍ ይዘው ብቅ ይላሉ። ያን ዕለት እንባዋ አምልጧት ነበር፤ ካሜራው ይዞታል።

ድራማው አሌክሳንድሪያ በተከራዩት አዳራሽ ሲመረቅ ሕዝቡ አለቀሰ። ከሎረል የመጡ አንዲት እናት እጇን ይዘው "እንዲህ ያለ የታፈነ ሐዘን አይቼ አላውቅም ልጄ፤ እንዴት ብትችዪበት ነው?" አሏት። ትብለጥ "እግዜር ይስጥልኝ" አለች፤ በልቧ ግን ተናዳ ነበር። እዚሁ የተወለደችው ልጇ ኤፍራታ የእንግሊዝኛ ትርጉም ጨምራ ዩቲዩብ ላይ ጫነችው።

ክረምቱ ሳይወጣ ኤፍራታ ስልኳን ይዛ፣ እናቷ የተጠራችበት የኮሚቴው ስብሰባ ላይ ገባች። የመጀመሪያውን ድራማ የሠሩት እንግሊዞች ጽፈዋል።

"ማሚ፣ ላይክ፣ ኦብሴስድ ናቸው!" አለች። "የዘፈን ድራማ ያለ ዘፈን... ጂኒየስ ነው፣ እኛ አስበነው አናውቅም ይላሉ። ሪሜክ ሊያደርጉት፣ እንደገና ሊሠሩት ነው። ሊዱ፣ ዋናዋ፣ አንቺ ነሽ!"

ኮሚቴው ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

"ይኸው!" አሉ አቶ ገብረየስ። "እንግሊዝ ጀመረው፤ አሜሪካ አሻሻለው፤ እኛ አጠናቀቅነው፤ እንግሊዝ ሊማር መጣ!"

"እዚያስ እዘፍናለሁ?" አለች ትብለጥ።

"ኖ፣ ማሚ። ኮንትራቱ ላይ አለ። ማንጎራጎር ራሱ ኖት አላውድ።"

ትብለጥ ተነሳች። አየር ሳበች፤ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ አፏን ከፈተች። ኮሚቴው ይህን ነገር ለምዶታልና ሌላ ትዕይንት እስኪመጣ ጠበቀ።

አልመጣም። የወጥ ቤቱን ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈነችው። አቶ ወንድሜነህ ሬሳቸውን ረስተው ራሳቸውን ይወዘውዙ ጀመር። ኤፍራታ ስልኳን አስቀምጣ እናቷን እንደ አዲስ ታያት ነበር። ስትጨርስ ደስታዋ ልክ አልነበረውም።

አቶ ገብረየስ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ሄደው መስኮቱን ዘጉ፤ ተመልሰው እጇን ያዙ።

"እህቴ" አሉ፤ "በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። በእግዚአብሔር፣ ለማንም እንዳትነግሪ። መዝፈን እንደምትችዪ እንግሊዞቹ ካወቁ ሥራው ይሰረዝብናል።"