አያ በላይነህ እና የቅርቧ ፏፏቴ

እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ መንደር አንድ ምንጭ፣ አንድ ነገረኛና አንድ «ቅርብ ነው» ባይ ሰጥቷል። ምንጩ በበጋ ይደርቃል፣ ነገረኛውም አርጅቶ ይደክመዋል። ሦስተኛው ግን ክረምት ከበጋ አለ። መንገድ ጠይቁት፤ አገጩን ወደ ማዶ ቀስሮ «ይቺው ናት» ይላችኋል። እሱ «ይቺው» ያላት ቦታ ለመድረስ ጫማ ያለው ጫማውን፣ የሌለውም ተረከዙን ይጨርሳል።

የእንጦጦው ባለማዕረግ፣ ክቡር ፊታውራሪ ይቺውናት፣ እናቱ ባወጣችለት ስም በላይነህ ይባላል። በጉብዝናው ከአንኮበር እንጦጦ መልእክት ሲያመላልስ የኖረ እግረኛ ነው። አሁን ሸምግሎ ቤቱ ተቀምጧል፤ እግሩ ግን አብሮት አልተቀመጠም። ለእሱ አንኮበር ማለት ከጓሮ አለፍ ብላ ያለች ቦታ ናት። አንዲት ጎረቤት እሳት ልትጭር ብትወጣ «ደህና ፍም ያለው እዚችው ጋ ነው» ብሎ ወስዷት፣ ቤቷ ስትመለስ የያዘችው አመድ ነበር። ሚዜዎችን እየመራ ወደ ሠርግ ሲሄድማ «ደረስን፣ ደረስን» እያለ ሦስት ወንዝ አሻግሯቸው፣ የደረሱት ለመልሱ ነው። መልሱም እያለቀ ነበር አሉ።

ጎረቤቱ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ይህን ሁሉ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ግን የቸገረው ሰው ምን ያደርጋል? ልጃቸው ፀሐዬ ቁልቁል ቀበና ወንዝ ዳር ጎጆ ቀልሶ የአገሬውን ልጅ ዲንቄን አግብቷል። ዲንቄ ሴት ልጅ ከተገላገለች ሰባ ቀን ሆናት። አራስ ደግሞ ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ሳትነሣ ከቤት አትወጣም፤ ስለዚህ መውረድ ያለባቸው አያቲቱ ናቸው። ፀሐዬ ስምንት ጊዜ ዳገቱን ወጥቶ ለመናቸው። አይ ፀሐዬ፣ ሐቀኛ ልጅ ነው። ስምንቱንም ጊዜ «እማዬ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ቁልቁለቱም ለበቅሎ እንኳ አይመችም። ግን ቀስ እያልን እንወርዳለን» አላቸው። ወይዘሮ የማርያምወርቅ «ሩቅ» የሚለውን ሲሰሙ የግራ ጉልበታቸው ይቆረጥማቸዋል። «እስቲ ጉልበቴ ይሻለኝ» ይላሉ። ጉልበቱም አልሻል አለ። የልጅ ልጃቸውን ዓይን ሳያዩ እንዳይሞቱ ፈርተዋል። ይህንንም ከበላይነህ በቀር ለማንም አልተነፈሱም።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ በላይነህ ከደጃቸው ቆሞ ነበር።

«እሜቴ፣ ለጉልበት የሚሆን ጠበል ከፏፏቴው ሥር አለ። ይቺው ናት፣ ከጥዱ ጀርባ።»

ጠበል በባዶ ሆድ ነውና ወይዘሮ የማርያምወርቅ ምንም አልቀመሱም። ከጠበሉ በኋላ የሚቆረጥም ትንሽ ቆሎ ግን በመቀነታቸው ሊቋጥሩ ሲሉ በላይነህ አየ።

«ስንቅ? ለዚች? ኧረ ስንቁ ራሱ ይታዘበናል።»

ቆሎው ቀረ፤ ወጡ። ጥዱ ጋ ደረሱ። ከጥዱ ጀርባ ሌላ ጥድ ነበረ። «ይኸ አይደለም፣ ያኛው ነው» አለ በላይነህ። ከዚያኛው ጀርባ ደን ነበረ። እንጦጦ ላይ በጥድ ቦታ የሚያመለክት ሰው በአሸዋ ሜዳ ላይ በጠጠር ቢያመለክትም አያፍርም።

ፀሐይ ሞቅ ስትል ዱጋሳ የሚባል እንጨት ፈላጭ አገኙ። ወይዘሮ የማርያምወርቅ እንደ ዳኛ ቆመው ጠየቁት።

«አንተ ልጅ፣ እውነቱን ንገረኝ። ፏፏቴው ሩቅ ነው?»

ዱጋሳ ላባቸውን አየ፤ የሚያነክስ እግራቸውን አየ። ለደከመ መንገደኛ «ሩቅ ነው» ማለት በዚያ አገር በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው፤ በደንብ ያደገ ሰው አያደርገውም።

«ደርሰዋል እኮ፣ እናቴ» አለ ዱጋሳ፣ መጥረቢያውን መሬት አስቀምጦ በአክብሮት እጅ እየነሣ።

ከዱጋሳም በኋላ ብዙ ሄዱ። አንድ ድንጋይ ሲያገኙ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ተቀመጡበትና ከእንግዲህ አልነሣም አሉ።

«ይሰማዎታል? ውሃው እኮ ነው» አለ በላይነህ ጆሮውን አቁሞ።

«ነፋስ ነው!»

«ነፋሱም የመጣው ከውሃው ነው።»

«ስማ በላይነህ፣ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ስንቄን አስቀርተኸኛል። ውሸትህ ግን እየከበደኝ ሄደ።»

በላይነህ ምርኩዙን ሰጣቸው። እሳቸውም እየተራገሙ ተነሡ፤ የተቆጣ ሰው ደግሞ እግሩ ይፈጥናል። ጉልበታቸውን መጠየቅ ረስተው፣ የበላይነህን ዘር ማንዘር እያነሡ እየጣሉ ቁልቁለቱን ወረዱት።

ፏፏቴዋ ደረሰች። ከሁለት ሰው ቁመት አትበልጥም፤ ነጭ ሆና ከጥቁሩ ዐለት ላይ ትወርዳለች። ወይዘሮ የማርያምወርቅ አማትበው እግራቸውን ከሥሯ ዘረጉ። የውሃው ቅዝቃዜ አጥንት ይሰብራል። ጥቂት ቆይተው ጉልበታቸውን አጠፍ ዘርጋ፣ አጠፍ ዘርጋ አደረጉና ደስ አላቸው።

«ተመስገን። በል አሁን ወደ ቤቴ መልሰኝ፤ ራበኝ።»

በላይነህ ምርኩዙን ከአጠገባቸው አንሥቶ መሬት ይጭርበት ጀመር። ወደ ላይ ወደ ተራራው አየ፤ ወደ እሳቸው ግን አላየም።

«ቤትዎ ሩቅ ነው» አለ።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ያ ቃል ከዚያ አፍ ሲወጣ በሕይወታቸው ሰምተው አያውቁም። የታመመ መሰላቸው።

«ምን አልክ?»

«ሩቅ ነው፣ እሜቴ። ዳገት ነው፤ ለመውጣት ሊመሽብን ይችላል። ያችን ከወይራው ሥር የምትጨሰውን ጎጆ ያዩዋታል? እሷ ናት የፀሐዬ ቤት።»

አላመኑትም። ማን ያምነዋል? ዓይናቸውን በእጃቸው ጋርደው ራሳቸው አዩ። ጎጆዋ ከሁለት እርሻ ወዲያ ናት፤ ደጃፏ ላይ የተሰጣው የሕፃን መጠቅለያ ሳይቀር ይታያል። ሩቅ የተባለውን መንገድ ሁሉ በገዛ እግራቸው ወርደው ጨርሰውታል። መጀመሪያ ተናደዱ። ከዚያ ሳቃቸው አልቆም ብሎ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ጉድ ሠራኸኝ» አሉና ወደ ጎጆዋ ቀድመውት ሄዱ።

ዲንቄ ከመደቧ ብድግ ልትል ስትል «ተኚ ልጄ» ብለው ሕፃኗን ተቀበሏት። ግንባሯ የፀሐዬ ነው፤ አፍንጫዋን ግን ከእናቷ ወስዳለች፣ እሰይ። እቅፋቸው ውስጥ አድርገው ዓይን ዓይኗን አዩዋት።

ፀሐዬ ከእርሻ እየሮጠ ሲመጣ እናቱን አይቶ ዓይኑን ማመን አቃተው። ነገሩን ሲሰማ ግን በላይነህ ላይ ፊቱን አጠቆረ።

«አያ በላይነህ፣ እናቴን ዋሽተው ያን ሁሉ ቁልቁለት ያወርዷታል? በዚያ ጉልበቷ ብትወድቅስ?»

ነገር የማያጣው በላይነህ ከበሩ አጠገብ ቆሞ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«ተወው አንተ» አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ፣ ዓይናቸውን ከሕፃኗ ሳይነቅሉ። «አንተ እውነቱን እየነገርከኝ ሰባ ቀን ከቤቴ አስቀመጥከኝ።» ከዚያ ከመደቡ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁ። «ና በላይነህ፣ ወዲህ ተቀመጥ። አንተም እያት።»