ዜና ተራራ ዘልደታ፤ አቶ ሸዋንግዛው ነጩን ፎም ያመጡበት

በዘመነ ማርቆስ፣ ጡረታ በወጡ በአራተኛው ዓመት፣ ውኃ በፈረቃ በማይመጣበት በዕለተ ሐሙስ፣ የልደታ ኮንዶሚኒየም የሦስተኛው ፎቅ ጌታ፣ በሐዲድ ስማቸው አባ ፉጨት የሚባሉት አቶ ሸዋንግዛው፣ ቁርሳቸውን በልተው ፎም ሊገዙ ወጡ።

የመነሣታቸውም ምክንያት ይህ ነው። ገና ላልተወለደው የልጅ ልጄ ነው እያሉ በሳሎኑ ወለል ላይ ትንሽ ባቡር ከነሐዲዱ ዘርግተው፣ ሐዲዱ ግን ዞሮ ዞሮ የሚገባበት ተራራ አጥቶ ነበር። ተራራም ከጠንካራ ነጭ ፎም እንጂ ከሌላ አይጠረብም፣ በዩቲዩብ እንደ ተነገረ። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ደሚቱም ከማጀት ብቅ ብለው እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦ «እሑድ የልጃችን አማቶች ይመጣሉ። ይሄ ነገር እስከዚያ አገር አገር ካልመሰለ፣ ቆራሌው በታች ሲያልፍ ባቡሩንም ሽቦውንም አንሥቼ ነው የምሰጠው። በዚህ ዕድሜ መሬት ለመሬት!»

ወእምዝ አባ ፉጨት ሠራዊታቸውን ሰበሰቡ። ሠራዊቱም ሞቱማ ነበረ፤ ይኸውም ጎረቤት፣ የቀድሞ የታክሲ ሾፌር፣ የአቋራጭ ሁሉ ዐዋቂ፣ ባቡር የልጅ ዕቃ ነው ብሎ የሚንቅ፣ ነገር ግን በየማታው ሊንቀው የሚመጣ።

ጌጃ ሰፈር ደርሰው ፎም ቢሉ ፍራሽ አወጡላቸው፤ ጠንካራ ፎም ቢሉ ጠንካራ ፍራሽ አወጡላቸው። ነስሪን የምትባል ባለሱቅም «አባባ፣ እስቲ ጋደም ይበሉና ይዩት!» ብላ ዐወጀች፤ እሳቸውም ስለ ክብሯ ጥቂት ጋደም አሉ።

ከዚያም ወደ ተክለ ሃይማኖት ዘመቱ። በዚያም ገብረዋህድ የሚባል የፍሪጅ ጠጋኝ፣ ለሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ ግድግዳ ከገባው ፎም የተረፈውን፣ ነጭ፣ እንደ በር ሰፊ፣ ሲጫኑት የሚንጫጫ ሰሌዳ በብሎኬት ላይ አጋድሞ ተቀምጦበት ነበረ። «ኧረ አባት፣ ይሄማ ወንበሬ ነው! ብርድ አያሳልፍም፣ ወገቤን ያዳነኝ እሱ ነው» ሲልም ዐወጀ። ያን ጊዜ አቶ ሸዋንግዛው ማንም ጀግና ያልደፈረውን ደፈሩ፤ ወይዘሮ ደሚቱ ገበያ ሳሉ ሞቱማን ወደ ቤት ልከው፣ ከእንግዳ መቀበያው ሶፋ አንዱን የመቀመጫ ስፖንጅ አስወጥተው ለገብረዋህድ ወገብ ገበሩ። ሰላምም ሆነ።

በመመለሻቸው ነፋስ ተነሣባቸው፤ ፎሙም እንደ ሸራ ተወጥሮ አንድ ጊዜ ወደ መርካቶ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሜክሲኮ ወሰዳቸው፤ እነርሱ ግን አልለቀቁም። አንድ የታክሲ ረዳትም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ፋዘር፣ በረራው ወዴት ነው?» ብሎ ዐወጀ።

ዓርብና ቅዳሜ ፎሙ በቢላዋ ተጠረበ፤ ፍርፋሪውም ወጡ ውስጥ ሳይቀር እንደ በረዶ ዘነበ፤ ተራራም ሆነ፣ ዋሻም ተከፈተለት።

እሑድ አማቶቹ በክብር ገቡ። አማትየው አቶ በሱፍቃድ፣ የባንክ ሰው፣ ከረባት ያሰሩ፣ ጋቢ በተነጠፈበት ሶፋ ላይ ቢቀመጡ፣ ስፖንጁ በወጣበት ጉድጓድ እስከ ወገባቸው ሠመጡ፤ ሆኖም እንደ ተመቸው ሰው ፈገግ አሉ። ወይዘሮ ደሚቱም ሶፋውን አዩ፤ ባላቸውን አዩ፤ ጨዋ ናቸውና ወጥ ጨመሩ።

ባቡሩም ተለቀቀ፤ ዞረ፤ ወደ ዋሻው ገባ፤ በዚያውም መብራት ጠፋ። ባቡሩ በተራራው ሆድ ውስጥ ቀረ። ከግቢው በታች «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አቶ ሸዋንግዛውም ዐይናቸውን ጨፈኑ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ደሚቱ ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡ፤ በዋሻው ፊት ተንበረከኩ፤ እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው ባቡሩን እየገፉ፣ በዝግታ፣ «ቱ... ቱ...» አሉ።

የሳቀ አልነበረም። አቶ በሱፍቃድ ከጉድጓዱ ወጥተው፣ ከረባታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው፣ በወዲያኛው የዋሻ አፍ በጉልበታቸው ሆነው «ይላኩት፣ መንገዱ ክፍት ነው!» ሲሉ ዐወጁ። ሞቱማም ቀጥሎ ተራው የእርሱ መሆኑን ዐወጀ።

ክብር ለአባ ፉጨት፣ መቀመጫን ተራራ ላደረጉ፣ ነፋስን ላሸነፉ፣ ስማቸውም ሐዲድ እስካለ ይኑር፤ ቆራሌውም በታች ደጋግሞ ተጣራ፣ በሦስተኛው ፎቅ ግን የሰማው አልተገኘም።