ከግድግዳው ወዲያ ያለው ባንድ

ከልጅነት ጓደኞቻችሁ ጋር ባንድ አታቋቁሙ ብዬ ልመክራችሁ አስቤ ነበር፤ ምክሩን እኔ ራሴ ስላልሰማሁት ተውኩት። ሙዚቃው አይደለም ችግሩ። ሰው መድረክ ላይ ኮከብ ለመምሰል ዙሪያውን የማያውቁት ሰዎች ያስፈልጉታል። እናንተ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በስሜት ስትወዛወዙ፣ ከኋላችሁ ድራም የሚመታው ልጅ፣ አንደኛ ክፍል ሳላችሁ ፍየል ስታባርራችሁ እያለቀሳችሁ የሮጣችሁትን ያስታውሳል። እንዴት ብላችሁ ትኮራላችሁ?

የእኛ ባንድ «ላብ» ይባላል። ስሙን ያወጣልን የድሬዳዋ አየር ነው። መጋላ በሚባለው የገበያ ሰፈር ውስጥ የአንዋር አባት የሽንኩርት መጋዘን አላቸው፤ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ሲግል፣ ከተማው ሁሉ ምሳውን በልቶ ጋደም ሲል፣ እኛ በጆንያዎቹ መሀል ፖፕ ሮክ እንለማመዳለን። አንዋር ድራም ይመታል፣ ጃፈር ቤዝ ይጫወታል፣ ሳሚ ጊታር ይዞ ይዘፍናል፣ እኔ ሩቂያ ኪቦርድ ላይ ነኝ። አራታችንም ያደግነው አንድ ሰፈር ነው። አምስተኛዋ ኢፍቱ ምንም መጫወት ስለማትችል ገና ድሮ ሥራ አስኪያጅ አድርገናታል።

ሥራ አስኪያጅ ነበረን እንጂ ሥራ አልነበረንም። ለዓመታት ከሽንኩርቱ በቀር የሰማን የለም። ከዚህ ሁሉ በኋላ የጃፈር ቤተሰቦች ጂጂጋ አጎቱ ሱቅ ሄዶ እንዲሠራ ወሰኑ። ጃፈር አልተከራከረም፤ ልብሱንም አጣጠፈ። «ግን አንድ ቀን እንኳ ሰው ፊት ሳንጫወት አልሄድም» አለን። እሱ ከሄደ ባንዱ እንደሚበተን ሁላችንም እናውቃለን።

በዚህ መሀል ኢፍቱ ልታገባ ሆነ። «የሴቶቹ ግብዣ ላይ የሚጫወተው ላብ ነው» ብላ እኔ ባለሁበት ቤተሰቡ ፊት አወጀች። ድግሱን የምትመራው አክስቷ አዴ ዘይነባ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«በሴቶች ቀን ወንድ? ዋላሂ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም!»

አገራችንን ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ በዚያ ቀን ሴቱ ሻሹን አውልቆ፣ ፀጉሩን ተሠርቶ፣ እንደ ልቡ ይጨፍራል። ወንድ ዝር አይልም። ስለዚህ አዴ ዘይነባ እውነቷን ነው፤ እኔም ብሆን ሳሚ ቆሞ እያየኝ አልጨፍርም።

ኢፍቱ ግን የዋዛ አይደለችም። «አይግቡ! ጎረቤት ግቢ ሆነው ይጫወቱ። የስፒከሩን ገመድ በግድግዳው ላይ እናሳልፋለን።»

«የሚዘፍነውስ? እሱም ወንድ አይደል?» አለች አክስቷ።

«ሩቂያ ትዘፍናለች።»

ወደ ኢፍቱ ዞርኩ። «አንቺ፣ እኔ መቼ ዘፍኜ አውቃለሁ?»

«እኔስ መቼ አግብቼ አውቃለሁ?» አለችኝ። ተለማመድን። ዜማዎቹን ሁሉ ለእኔ ድምፅ እንዲስማሙ ከፍ አደረግናቸው፤ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ።

ቀኑ ደረሰ። ልጆቹ ከግድግዳው ወዲያ፣ ጥላ በሌለው ግቢ፣ ፀሐይ ላይ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ፣ በሴቶች መሀል፣ ኪቦርዴና ማይኩ ፊት። ከፊት ወንበር ላይ ደግሞ እናቴ። እናቴ ሙዚቃዬን ተቃውማው አታውቅም፤ እንደ ጉንፋን «ያልፍላታል» ብላ ነው የምትጠብቀው።

ሳሚ ጊታሩን ጀመረ። ፈርቶ ኖሮ የጀመረው በድሮው፣ በራሱ ድምፅ ልክ ነው። እነሱ እኔን አያዩኝም፤ ፊቴን ቢያዩ ያቆሙ ነበር። ድምፄን ለማውረድ ብታገል ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው ጥሪ መሰለ። ጭብጨባው ቆመ። አንዲት ልጅ ከኋላ ሳቀች። እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ።

እናቴ ተነስታ ወደ እኔ መጣች። እጄን ይዛ ወደ ቤት ልትወስደኝ መሰለኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ ብትወስደኝም ደስ ባለኝ ነበር። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «ከጀመርሽ ጨርሺው» አለችኝና ተመልሳ ተቀመጠች።

ይቺው ናት። ማይኩን ነቅዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

«ሳሚ! አቁሙ! ይኼ ያንተ ድምፅ ነው፤ የእኔን አምጣ!»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። የአሁኑ ሳቅ ግን ከእኔ ጋር ነበር። ከወዲያ ማዶ አንዋር በዱላዎቹ ቆጠረ፣ ድራሙ ግድግዳውን ነቀነቀው፣ እኔም ዘፈንኩ። ዘፈኑ የራሳችን ነው፤ ስለ ሰፈራችን፣ ስለ ሙቀቱ። እኛ እንደምናወራው አማርኛው ከኦሮምኛና ከሶማልኛ ተደበላልቋል። ሁለተኛው ዙር ላይ አዝማቹን ሴቶቹ ተቀበሉኝ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ አዴ ዘይነባ ጫማዋን አውልቃ መሀል ገብታለች። ሙሽራዋን ተዉት፤ እንባዋ ኩሏን ይዞት ወርዷል። እናቴ አልጨፈረችም። ግን «ልጄ ናት» ስትል ሰምቻታለሁ፤ ያውም ማንም ሳይጠይቃት።

ስንጨርስ አንዲት አርፍዳ የመጣች የጨርቅ ነጋዴ፣ ሀሊማ የምትባል፣ ክንዴን ያዘችኝ። ወደ ሳሚ የጮህኩትን አልሰማችም።

«አቦ፣ እንዴት ነሽ! የሚቀጥለው ወር ልጄን እድራለሁ። አንቺ ነሽ የምትመጪው። ፍላሹንም እንዳትረሺ።»

«የምን ፍላሽ?»

«ሙዚቃው ያለበትን ነዋ! ድራሙ እኮ እውነተኛ ነው የሚመስለው።»

«እህቴ፣ ፍላሽ አይደለም። ሰዎች ናቸው። ከግድግዳው ወዲያ።»

«ሰዎች? በዚህ ፀሐይ?»

ሩዝና ሥጋ በትልቅ ትሪ ቆልላ ግድግዳው ሥር ሄደችና «ዋሪያ! ተቀበሉ! የሚቀጥለው ወር ለልጄም ትመጣላችሁ!» ብላ ተጣራች። ከግድግዳው በላይ እጆች ብቅ አሉ፤ ሴቱ ሲያያቸው በእልልታ ቀለጠ። ላብ ከሕዝብ ጋር የተዋወቀው በዚህ መልክ ነው። ፊት የለም፣ እጅ ብቻ።

በማግስቱ ጃፈር ልብሱን ከሻንጣ አወጣና ለአጎቱ ደወለ።

«ምን አልከው?» አልነው።

«ድሬ ሥራ አግኝቻለሁ አልኩት።»

«ምን ሥራ ነው አላለህም?»

«ብሎኛል። ከግድግዳ ጀርባ ነው አልኩት።» ቤዙን አነሳና ክሮቹን መቃኘት ጀመረ። «ዘበኛ የሆንኩ መስሎት 'በርታ' አለኝ።»